ካምቢዮ ውስጥ መጨረሻ የሚያልቀው ጥርስ ነው

ባለፈው ጥቅምት አሮጌዋ ዲኤክስ ኮሮላዬ ሁለተኛ ማርሽ ላይ መጮኽ ጀመረች። አዳማ ውስጥ ከፍራንኮ ሰፈር ወደ ቤት ስመለስ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋሁ ሥራዬ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ ነው። ሁለተኛ ባስገባሁ ቁጥር «ክርርር» ትላለች። መንገደኛው ዞሮ ያየኛል። አንድ የባጃጅ ሹፌር አጠገቤ ቆሞ «ብሮ፣ ቡና እየፈጨህ ነው?» አለኝ።

ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ አልነዳትም፣ አልፈታትም። ማርሹን ሁለቴ ነካ ነካ አደረገና «ጥርሱ አልቋል፤ ካምቢዮው ሙሉውን ነው የሚቀየረው» አለ። ካምቢዮ ማለት የማርሾቹ ሳጥን ነው። ዋጋውን ሲነግረኝ መኪናዋን ሁለተኛ የምገዛት መሰለኝ።

ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ የወጡ መካኒክ አሉ። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ካምቢዮ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ጉዳዩን ስነግራቸው ሳቁ።

«ጥርሱን አይቶታል?»

«አላየውም ጋሼ።»

«ታዲያ በምን አወቀ? ካምቢዮ ውስጥ መጨረሻ የሚያልቀው እኮ ጥርስ ነው። ይሄ ቀለበት ይሆናል። አምጣትና እንፍታት።»

«እንፍታት» ያሉት እሳቸው ናቸው፤ የፈታሁት ግን እኔ ነኝ። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው አዘዙ። ግቢያችን ውስጥ ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ከዚያ በፊት ካምቢዮ ለእኔ የተዘጋ ሳጥን ነበር። አሁን ምን እንዳለበት አውቃለሁ፤ የማውቀውንም ላካፍላችሁ።

ሳጥኑ ለምን አስፈለገ?

ትልቅ ድንጋይ በዲጂኖ ፈንቅላችሁ ታውቁ ይሆናል። እጃችሁ ብዙ ይወርዳል፤ ድንጋዩ ትንሽ ብቻ ከፍ ይላል። ርቀት ሰጥታችሁ ጉልበት ገዛችሁ ማለት ነው። ማርሽም የሚዞር ዲጂኖ ነው።

የመኪና ሞተር ቀስ ብሎ ሲዞር አቅም የለውም። የቆመ መኪና ማስነሳት ደግሞ ብዙ አቅም ይጠይቃል። ስለዚህ ጥቂት ጥርስ ያለው ማርሽ ብዙ ጥርስ ያለውን እንዲነዳ ይደረጋል። ባለ 20 ጥርሱ ሁለት ጊዜ ዞሮ ባለ 40 ጥርሱን አንድ ጊዜ ያዞረዋል። ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል፤ ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል። በብዙ ትንንሽ መኪኖች አንደኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ ሦስት ተኩል ዙር ገደማ ሲዞር ከካምቢዮ የሚወጣው ዘንግ አንድ ዙር ይዞራል። እንደኔዋ የኋላ ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ አራተኛ ማርሽ ብዙ ጊዜ አንድ ለአንድ ነው። አምስተኛ ላይ የሚወጣው ዘንግ ከሞተሩም ይፈጥናል። ለዚህ ነው በፍጥነት መንገዱ ላይ በአምስተኛ ስትሄዱ ሞተሩ ድምፁን የሚቀንሰው፤ ወደ አሰላ ዳገቱን ስትወጡ ደግሞ አምስተኛ የማይሆነው።

ወያላውና ሚኒባሱ

አሁን ዋናው ነገር ጋ ደረስን። ብዙ ሰው ማርሽ ሲያስገባ ጥርስ ከጥርስ ጋር እየሄደ የሚገጥም ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። አይደለም።

የኋላ ጎማ በሚነዳ መኪና ካምቢዮ ውስጥ ሦስት ዘንጎች አሉ። አንዱ ሞተሩንና ካምቢዮውን ከሚያገናኘውና ከሚለያየው ከፍሪሲዮን የሚመጣው ነው፤ የግቤት ዘንግ እንበለው። ሁለተኛው ከሥር የተኛ ነው፤ ማርሾቹ ከራሱ ጋር አንድ ወጥ ናቸው፤ ሲዞር አብረው ይዞራሉ። ሦስተኛው ዋናው ዘንግ ነው፤ ወደ ኋላ ጎማ የሚወጣው። ዋናው ዘንግ ላይ ያሉት ማርሾች ከሥረኛው ማርሾች ጋር ሁልጊዜ ተናክሰው ነው ያሉት። አንደኛም፣ ሁለተኛም፣ ሦስተኛም፣ አምስተኛም አሁን በዚህች ደቂቃ እንደተናከሱ ናቸው። ዜሮ ላይ ቆማችሁ ሞተር ስታስነሱ ሁሉም ይዞራሉ።

ታዲያ መኪናው ለምን አይሄድም? የዋናው ዘንግ ማርሾች ከዘንጉ ጋር አልታሰሩማ። በቀጫጭን ሮለር ኩሽኔታ (መዞሩን በሚያቀልል መቀመጫ) ላይ ተቀምጠው ዘንጉን ሳያዞሩ በባዶ ይሽከረከራሉ። ማርሽ ማስገባት ማለት ከእነዚህ አንዱን መርጦ ከዘንጉ ጋር መቆለፍ ማለት ነው። ቆላፊው በሁለት ማርሾች መሃል የሚንሸራተት ቀለበት መሳይ እጅጌ ነው። ወደ ፊት ሲሄድ አንዱን ማርሽ፣ ወደ ኋላ ሲመጣ ሌላውን ይቆልፋል። እጅጌውን የሚገፋው ሹካ ነው፤ ሹካውን የሚገፋው የእናንተ እጅ ነው።

ችግሩ ፍጥነት ነው። እጅጌው ከዘንጉ ጋር በአንድ ፍጥነት ይዞራል፤ ማርሹ በሌላ ፍጥነት። የሚኒባስ ወያላን አስቡት። ቆሞ የነበረ ሰው በሚሮጥ ሚኒባስ ላይ ዘሎ ቢንጠለጠል ክንዱ ይገነጠላል። ወያላ ግን እንደዚያ አያደርግም። መጀመሪያ አብሮ ይሮጣል። ፍጥነቱ ከመኪናው እኩል ሲሆን እግሩን አንስቶ ያስቀምጣል። ምንም አይሰማውም።

የካምቢዮው ወያላ አንድ ስስ የናስ ቀለበት ነው። መካኒኮች ሲንክሮ ይሉታል። እጅጌው ሲገፋው ቀለበቱ የማርሹ ሾጣጣ ትከሻ ላይ ተጭኖ እንደ ፍሬን ይይዘዋል። ማርሹ ይዘገያል ወይም ይፈጥናል፤ ፍጥነቱ እኩል ሲሆን እጅጌው ሾልኮ ይገባል። ፍጥነቱ እኩል እስኪሆን ድረስ ቀለበቱ መንገዱን ዘግቶ እጅጌውን ያስቆመዋል። ይህ ሁሉ ዓይን እስኪጨፈን ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቃል።

ቀለበቱን ከውስጥ በኩል ብታዩት እንደ ቡሎን ጥርስ የተፈለፈሉ ስስ መስመሮች አሉት። እነዚያ መስመሮች ሾጣጣው ላይ ያለውን ዘይት ቆርጠው ወደ ጎን ይጥሉታል፤ ዘይቱ ካልተቆረጠ ናሱ አይይዝም። መስመሮቹ ተልገው ሲጠፉ ቀለበቱ ዘይት ላይ ይንሸራተታል። ወያላው መሮጥ አቃተው ማለት ነው። ያን ጊዜ እጅጌው ፍጥነቱ እኩል ሳይሆን ይገባና የመቆለፊያ ጥርሶቹ ይፋጫሉ። የእኔ «ክርርር» ይህ ነው።

የሁለተኛ ማርሽ ቀለበት ቀድሞ የሚያልቅበትም ምክንያት አለው። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስትሄዱ የፍጥነቱ ልዩነት ከሌሎቹ ሁሉ ይሰፋል። በከተማ ውስጥ ደግሞ በብዛት የሚነካው እሱ ነው። የአዳማን ባጃጅ ጨምሩበት።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ይህ ቀለበት መጀመሪያ የወጣው በፈረንጆቹ 1928 በካዲላክ መኪኖች ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሹፌር ፍሪሲዮን ሁለቴ እየረገጠ ፍጥነቱን በእግሩ ነበር የሚያስተካክለው። የድሮ የጭነት መኪና ሹፌሮች እስከዛሬ የማይተዉት ልማድ ከዚያ የመጣ ነው። በእኛ 1928 ደግሞ ጣሊያን ገባ። አምስት ዓመት ቆይቶ ሲሄድ ካምቢዮን፣ ማርሽን፣ ፍሪሲዮንን፣ ክሪክን ትቶልን ሄደ። ቃሉን እንጂ መለዋወጫውን አልተወልንም።

ሳትፈቱ በፊት ጆሯችሁን ስጡ

ጋሼ ቁልፍ ሳያስነኩኝ ግማሽ ሰዓት አዳመጡ። ከሁሉ የጠቀመኝ ትምህርት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዜሮ ላይ ሆኖ ካምቢዮው ያጉረመርማል? ፍሪሲዮን ስትረግጡ ይጠፋል? እንግዲያው የግቤት ዘንጉ ወይም የሥረኛው ዘንግ ኩሽኔታ ነው፤ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሁለቱም ይቆማሉና። በተቃራኒው ስትረግጡ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው፤ ካምቢዮው ንጹሕ ነው፤ አትክፈቱት።

ሁሉም ማርሽ የሚያስቸግር ከሆነ፣ በተለይ የኋላ ማርሽ እየተፋጨ የሚገባ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ካምቢዮ ውስጥ አይደለም። ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም። ገመዱ ረዝሟል ወይም መስመሩ አየር ይዟል። ይህን ሳያዩ ካምቢዮ አውርደው፣ ፈተው፣ ገጥመው፣ ያው ችግር ቁጭ ብሎ የጠበቃቸውን ሰዎች ጋሼ በጣት አይቆጥሩም። አንድ ማርሽ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ ግን የዚያ ማርሽ ቀለበት ነው።

ማርሽ የሚተፋ ከሆነ፣ ማለትም ገብቶ እየሄዳችሁ ራሱ ወደ ዜሮ ከወጣ፣ ነገሩ ከቀለበት ያልፋል። የመቆለፊያ ጥርሶቹ ጫፍ ዶልዱሟል፣ ወይም ሹካው ተበልቷል፣ ወይም ሹካውን የተሸከመውን የማርሽ ዘንግ ቦታው ላይ የምትይዘው ጥይት የምታህል የብረት ኳስ ስፕሪንጓ ደክሟል። አንዳንዴ ግን የካምቢዮው ማሰሪያ ጎማ ተቀዶ ብቻ ይሆናል። መጀመሪያ እሱን እዩ፤ በሁለት ቡሎን የሚያልቅ ሥራ ነው።

ከአራተኛ በስተቀር በሁሉም ማርሽ ላይ የሚጮኽ ካምቢዮም አለ። ባለ ሦስት ዘንጉ ላይ አራተኛ ቀጥታ ያልፋል፤ የሥረኛው ዘንግ ይዞራል እንጂ ሸክም አይሸከምም። አራተኛ ላይ ዝም ካለ የሥረኛውን ዘንግ ኩሽኔታ ጠርጥሩ።

የእኔዋ ሁለተኛ ላይ ብቻ ትጮኽ ነበር። ዘይቱን በነጭ ሳህን ላይ ስናወርደው ቢጫ ብናኝ ይብለጨለጫል። ጋሼ በጣታቸው አሻሹት። «ይኸው ናሱ» አሉ። ግራጫ ጭቃ መሳይ ነገር ቢኖር አያስደነግጥም፤ የብረት እርጅና ነው። በጥፍር የምትይዙት ስባሪ ከወጣ ግን ያን ጊዜ የጥርስ ነገር መጥቷል።

ማውረድ

ይህን ቶሎ ልለፈው፤ ጉልበት እንጂ ምሥጢር የለውም። ባትሪውን ንቀሉ። የማርሹን እጀታ ከላይ አውጡ። ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ወደሚያካፍለው ዲፈረንሻል የሚሄደውን ረጅም ዘንግ ከመፍታታችሁ በፊት መጋጠሚያው ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ፤ ዞሮ ከተገጠመ መኪናው ይንቀጠቀጣል። የኪሎሜትሩን ገመድ፣ የኋላ ማርሽ መብራቱን ሽቦ፣ የፍሪሲዮኑን ገመድ፣ ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ንቀሉ። ከዚያ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የያዙት ቡሎኖች ብቻ ይቀራሉ።

መኪናውን በክሪክ ብቻ አንሥታችሁ ከሥሩ እንዳትገቡ። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ከሌላችሁ ሥራውን ተዉት። የትንሽ መኪና ካምቢዮ ሰላሳ ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ደረት ላይ ቢወርድ ቀልድ አይደለም። ብቻችሁን አታውርዱ።

ነፋሱና ሰፌዱ

የአዳማን ነፋስ የማያውቅ የለም። በጋ ሲገባ አቧራው ቡና ስኒ ውስጥ ይገባል። ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይኖቹ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። አዳማ አንድ የሚባለው ጣቢያ 34 ተርባይን አለው፤ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋዋት፣ በድምሩ 51 ሜጋዋት። የሚገርመው እነዚያ ካምቢዮ የላቸውም። ክንፉ ጄነሬተሩን በቀጥታ ነው የሚያዞረው። ዘይት የለ፣ ኩሽኔታ የለ ማለት አይደለም፤ ጥርስ ግን የለም። ጥርሴ ክርርር እያለ ቀና ብዬ ሳያቸው ቀናሁባቸው።

ለክፍት ካምቢዮ ነፋስ ጠላት ነው። አሸዋ የኩሽኔታ መርዝ ነው። ስለዚህ ሳጥኑን ከመክፈቴ በፊት ከውጭ በናፍጣና በብሩሽ አጠብኩት፤ ከዚያ ወደ ማድ ቤቱ ጎን አስገብቼ በርና መስኮት ዘጋሁ። ባለቤቴ የአንድ ቅዳሜ ወጥ ሥራ አስተላለፈችልኝ። ውለታዋ አለብኝ።

ዕቃ የምደረድርበት ሳጣ ሰፌድ አነሣሁ። መጀመሪያ አሮጌ አንሶላ አነጠፍኩበት። ከዘንጉ ላይ የሚወጣው ሁሉ በወጣበት ቅደም ተከተል፣ ፊቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ሆኖ፣ ከጠርዝ ጀምሮ እንደ ቀንድ አውጣ ወደ መሃል ይጠመዘዛል። ማርሽ፣ ቀለበት፣ እጅጌ፣ ቀለበት፣ ማርሽ። በእያንዳንዱ እርምጃ በስልክ ፎቶ አነሣለሁ። ጋሼ ፎቶውን ናቁት፤ ሰፌዱን ግን ወደዱት። «እኛ በካርቶን ነበር፤ ይሄ ይሻላል» አሉ።

በመዶሻ መጀመር የለም። ብዙው ነገር የተያዘው በትናንሽ መቆለፊያ ቀለበቶች ነው፤ በልዩ ፒንሳ ተከፍተው ይወጣሉ። ቀለበት እያለ በጉልበት የሚወጣ ነገር የለም። አንድ ነገር አልወጣ ካለ ያላያችሁት ቀለበት አለ። ይህን ቃል በቃል ሦስት ጊዜ ተማርኩት።

እነዚያ የብረት ኳሶች ደግሞ! የማርሽ ዘንጉን ስትስቡ ስፕሪንጉ ኳሷን እንደ ወንጭፍ ይወረውራታል። የመጀመሪያዋ ግድግዳውን መትታ ከሽንኩርት ከረጢቱ ኋላ ገባች። በማግኔት ፈልጌ አገኘኋት። ሁለተኛዋን ስስብ ቀዳዳውን በጨርቅ ሸፈንኩት። ከኳሶቹ ሌላ በዘንጎቹ መሃል የሚቀመጡ ትናንሽ ስፒኖች አሉ። ሥራቸው አንዱ ዘንግ ሲንቀሳቀስ ሌላውን መቆለፍ ነው፤ ሁለት ማርሽ አንድ ላይ እንዳይገባ። እነሱን ረስቶ የገጠመ ሰው አንድ ቀን ሁለት ማርሽ አንድ ላይ ያስገባል፤ ያን ጊዜ ካምቢዮው ቀጥ ይላል፤ የኋላ ጎማውም አብሮ።

ምን አለቀ፣ ምን ቀረ?

ሁሉንም በናፍጣ አጥባችሁ አድርቁ። ቀለበቱን በማርሹ ሾጣጣ ላይ በእጃችሁ ተጭናችሁ ለማዞር ሞክሩ። ደህና ቀለበት ንክስ አድርጎ ይይዛል። ያለቀው ይዞራል፤ የእኔ ሁለተኛ እንደ ማሰሮ ክዳን ዞረ። ከዚያ በቀለበቱና በማርሹ መቆለፊያ ጥርስ መሃል ያለውን ክፍተት ቫልቭ በሚስተካከልበት ስስ የብረት ቅጠል ለኩ። ዙሪያውን ሦስት ቦታ። በብዙ የቶዮታ ካምቢዮዎች ዝቅተኛው ልክ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው፤ ትክክለኛውን ከመኪናችሁ የጥገና መጽሐፍ እዩ። ክፍተቱ ከዚያ ካነሰ ቀለበቱ ጠልቆ ገብቷል፤ ወደ ቆሻሻ። የእኔ ሁለተኛ ቅጠሉን ጭራሽ አላስገባም። ሦስተኛ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ነበር።

የመቆለፊያ ጥርሶቹን በብርሃን እዩ። ጫፋቸው እንደ እርሳስ የሾለ መሆን አለበት። ትንሽ መዶልዶም ይታለፋል። ክብ ከሆነ ግን አዲስ ቀለበት ብቻ አያድነውም፤ ማርሹም እጅጌውም አብረው ይለወጣሉ። እዚህ ላይ ነው ከጋራዡ ልጅ ጋር የተለያየነው። የእኔ ጥርሶች፣ ዋናዎቹ ሰያፍ ጥርሶች፣ አንድም ጉድለት አልነበራቸውም። ሁልጊዜ ተናክሰው በዘይት ውስጥ የሚዞሩ ናቸው፤ ምን ያስጨርሳቸዋል?

የሹካውን ጫፍና የእጅጌውን ቦይ ለኩ። ልዩነቱ ከ1 ሚሊሜትር ካለፈ ሹካው ደክሟል።

ኩሽኔታ ደግሞ የራሱ ወግ አለው። ታጥቦ ሲደርቅ በጣት አዙሩት። ደህናው ዝም ይላል፤ የታመመው አሸዋ እንደያዘ ይንኮሻኮሻል። በኮምፕሬሰር አየር እንዲሽከረከር አታድርጉት፤ ያለ ዘይት ያልቃል፣ ሊፈነዳም ይችላል። መቀየር ካለበት ፊቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። ይህችን እወቁ፤ ከባዶ እጅ ትሻላለች። 6206 ከሆነ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች በ5 አባዙ፤ 06 ሲባዛ በ5፣ 30። የውስጥ ቀዳዳው 30 ሚሊሜትር ነው። 6305 ከሆነ 25። ቁጥሩን ይዛችሁ ኩሽኔታ ሻጭ ጋ ስትሄዱ የመኪናውን ስም መጥራት እንኳ አያስፈልግም። ከኋላው ኤንአር የሚሉ ፊደላት ካሉ ግን ዙሪያው ላይ ቦይና ቀለበት ያለው ነው፤ ያለ እሱ ሳጥኑ ውስጥ አይቆምም። የካምቢዮ ኩሽኔታ አንዳንዱ ከተለመደው ልክ ውጭ ስለሆነ አሮጌውን በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

የቀለበቶቹን ጉዳይ አዳማ ውስጥ ሦስት ሱቅ ጠየቅሁ፤ አንዱ ጋ ሁለተኛውን አገኘሁ፤ የቀሩትን መርካቶ ሶማሌ ተራ በሄደ ዘመድ አስመጣሁ። አንዱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ሳጥኑ አንዴ ከተከፈተ ግን ሁሉንም ቀለበት፣ የዘይት ማገጃ ጎማዎቹንና ጋስኬቶቹን መቀየር ይሻላል። የእነሱ ዋጋ ትንሽ ነው፤ ማውረዱ ነው ውዱ።

ያገለገለ ሙሉ ካምቢዮ ገዝቶ መግጠምስ? ጊዜ ለሌለው ሰው አልቃወምም። ግን የሌላ ሰው ያለቀ ቀለበት መግዛታችሁ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ ማንም አያየውም። የፊት ጎማ በሚነዳ መኪና ከሆነ ደግሞ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ አንድ ሳጥን ውስጥ ነው፤ የኩሽኔታውን ልክ ማስተካከሉ ይከብዳል። የመጀመሪያ ሥራችሁ ከሆነ እሱን ለባለሙያ ስጡ። እንደኔ ያረጀች የኋላ ጎማ ኮሮላ ናት ለመማሪያ የምትመቸው።

መመለስ

ሰፌዱ ከመሃል ወደ ጠርዝ ይነበባል። እያንዳንዱ ዕቃ ሲገባ የካምቢዮ ዘይት ይቀባል፤ በደረቁ የሚገጠም የለም።

አዲስ ኩሽኔታ ስትገጥሙ የምትመቱት ከሚጠብቀው በኩል ያለውን ቀለበት ብቻ ነው። ዘንግ ላይ የሚጠብቅ ከሆነ የውስጡን፤ ሳጥን ውስጥ የሚጠብቅ ከሆነ የውጩን። በተሳሳተው ከመታችሁ ግፊቱ በኳሶቹ በኩል ያልፍና አዲሱ ኩሽኔታ ገና ከመጀመሪያው ይጎዳል። እኔ የውስጡን ቀለበት ብቻ የሚነካ ቱቦ ቶርኖ ቤት አስቆረጥኩ። ኩሽኔታውን በዘይት ውስጥ 100 ዲግሪ አካባቢ ስታሞቁት ይሰፋል፤ ዘንጉንም ፍሪጅ ውስጥ ስታሳድሩት ይጠባል። ያን ጊዜ ኩሽኔታው ራሱ ሄዶ ይቀመጣል። ፍሪጁ ውስጥ ምን እንዳለ ለባለቤታችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።

እጅጌው ውስጥ ሦስት ትናንሽ ቁልፎችና ሁለት የሽቦ ስፕሪንጎች አሉ። የሁለቱ ስፕሪንጎች ጫፍ አንድ ቁልፍ ላይ እንዳይገጥም አለያዩ። እጅጌው ራሱ ደግሞ ፊትና ኋላ አለው። እኔ ሦስተኛና አራተኛውን ገልብጬ ገጠምኩት። ጋሼ በርጩማቸው ላይ ሆነው አዩ፤ ዝም አሉ። ሁሉን ጨርሼ ስዘጋ «አሁን ፍታው» አሉኝ። ተናደድኩ። ግን ከዚያ ወዲህ እጅጌ ገልብጬ አላውቅም።

ማርሾቹ ዘንጉ ላይ ያላቸውን የወዲያ ወዲህ መላወስ ለኩ። በብዛት ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ነው። ከበዛ በውፍረት የሚለያዩ መቆለፊያ ቀለበቶች ይሸጣሉ፤ የቶዮታዎቹ በ0.05 ሚሊሜትር አካባቢ ነው የሚለያዩት። ሲበዛ ማርሽ ይተፋል፤ ከጠበበ ይሞቃል።

ሳጥኑ ሲዘጋ መኪናው ላይ ሳትሰቅሉ ፈትኑት። የግቤት ዘንጉ ላይና መውጫው ላይ በጠመኔ መስመር ሳሉ። አንደኛ አስገቡና የግቤቱን እያዞራችሁ ቁጠሩ፤ ሦስት ተኩል ገደማ ስትዞሩ መውጫው አንድ መዞር አለበት። ሁለተኛ ከዚያ ያነሰ፤ ሦስተኛ ደግሞ ያነሰ። አራተኛ እኩል። የኋላ ማርሽ ወደ ተቃራኒ ይዞራል። ከዚያ ሁለት ማርሽ አንድ ላይ ለማስገባት በጉልበት ሞክሩ፤ እምቢ ማለት አለበት። ይህ አምስት ደቂቃ ሙሉ ቀን ያድናል።

ስትሰቅሉ የፍሪሲዮኑን ዲስኮ መሃል ለመሃል አስተካክሉ። ካምቢዮው በግቤት ዘንጉ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፤ ዲስኮው ይጣመማል። ቡሎን እየሳባችሁ በጉልበት አታስገቡት። ትክክል ከሆነ በእጅ ገፍታችሁ ፊት ለፊቱ ይገጥማል።

ዘይቱ

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። የካምቢዮ ዘይት ቆርቆሮው ላይ ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 ይላል። ሻጩ «አምስት ከአራት ይበልጣል» ሊላችሁ ይችላል። እዚህ ጋ አይበልጥም። ጂኤል-5 የተሠራው ለዲፈረንሻል ነው፤ ከፍተኛ ግፊት እንዲችል ድኝና ፎስፈረስ በብዛት ይጨመርበታል። ያ ቅመም አንዳንዴ ናስን ይበላል። ቀለበቱ እንዳይይዝም ያንሸራትተዋል። መጽሐፉ ጂኤል-4 ካለ ጂኤል-4 ነው። ውፍረቱን፣ ማለትም 75 ደብልዩ 90 ወይም 80 ደብልዩ 90፣ ከመጽሐፉ እዩ።

ሊትሩን አትገምቱ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ በጎን ባለው የመሙያ ቀዳዳ ሙሉ፤ ከቀዳዳው ጠርዝ ሲንጠባጠብ ቡሎኑን ዝጉ። አሮጌውን ዘይት ከማውረዳችሁ በፊት ግን የመሙያው ቡሎን መፈታቱን አረጋግጡ። ዘይቱን አውርዶ መሙያው አልፈታ ያለው ሰው አውቃለሁ። መኪናው ባዶ ካምቢዮ ይዞ ሁለት ቀን ቆመ።

እኔ የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ ወንጂ አደረግሁ፤ መንገዱ ሜዳ ነው። ሁለተኛ ስትገባ አልሰማሁም። ተመልሼ እንደገና አስገባኋት፤ እንደገና አልሰማሁም። ጋሼ ጎኔ ተቀምጠው ነበር። «አትቸኩልባት» አሉ። «አዲስ ቀለበት ከሾጣጣው ጋር እስኪተዋወቅ ሁለት ሦስት ሳምንት በእርጋታ አስገባ። ሺህ ኪሎሜትር ስትሄድ ዘይቱን ቀይር።»

ሺህ ኪሎሜትሩ በጥር ሞላ። ዘይቱን በዚያው ነጭ ሳህን ላይ አወረድኩት። ጥቂት ቢጫ ብናኝ ነበረው፤ አዲሱ ቀለበት ሲላመድ የጣለው ነው። ማውረጃው ቡሎን ማግኔት ላይ ደግሞ ጣት የምታህል ግራጫ ጭቃ። ስባሪ አልነበረም። ሰፌዱን አጥቤ መልሼ ነበር፤ ናፍጣው ግን አልለቅ ብሎ አሁን ጋራዥ ውስጥ ቡሎን ይይዛል።